የተዘጋው ጣቢያ

"ሠላሳ አንድ ደረቁ፣ ሃያ ስድስት እርጥቡ" አሉ አባቷ በስልክ።

የአየር ጠባይ ተንባይዋ ጆሮዋን ተጠራጠረች። "አባዬ፣ እስቲ ድገምልኝ።"

"ሠላሳ አንድ። ሃያ ስድስት። ምነው፣ ደነቆርሽ?"

"ጨርቁን አርሰኸዋል?"

ከስልኩ ማዶ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳን ልጁ፣ ክፍሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

"ብልቃጡ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ጨርቁን ደግሞ ሰኞ ለውጬዋለሁ። አንቺ ልጅ፣ እኔን ነው የምትፈትኚው?"

"ኧረ አባዬ፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው።"

"ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ነው። በይ ጻፊው።"

"እሺ፣ ጽፌዋለሁ" አለች። አልጻፈችም።

ሰዓቱ ልክ ስምንት ነበር። በዚያ ሰዓት አባቷ ሲደውሉላት አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጡረታ ሲወጡ ግቢያቸው ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ግድግዳዋ ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት ሣጥን ተተከለችላቸውና የአየር ጠባይ ለኪ ሆኑ። ሣጥኗ ውስጥ ሁለት ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ እንዲሁ ነው፤ ደረቁ ይሉታል። ሌላው እግሩ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ የጨርቁ ጫፍ ውኃ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይነከራል፤ እሱ እርጥቡ ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ከጨርቁ ውኃ ይተናል፣ እርጥቡም ይቀዘቅዛል፣ የሁለቱ ልዩነት ይሰፋል። አየሩ በእርጥበት ሲጠግብ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ችግሩ፣ ብልቃጡ ባዶ ሆኖ ጨርቁ ሲደርቅም ሁለቱ ይቀራረባሉ። የሰው ቸልታና የሰማይ ቁጣ በአንድ ቁጥር ይገለጻሉ ማለት ነው።

ጠዋት የመሥሪያ ቤቷ ትልቁ ኮምፒውተር ለአባቷ ከተማ የገመተው እርጥብ ሃያ አንድ ነበር። በሃያ አንድና በሃያ ስድስት መካከል ያለውን ነገር ለማያውቅ ሰው አምስት ዲግሪ ምንም አይደለም። ተንባይዋ ግን ታውቀዋለች። በሃያ አንዱ ሰማዩ አኩርፎ ይውላል፤ በሃያ ስድስቱ፣ ያውም ከላይ የምዕራብ ነፋስ እየጋለበ፣ ደመናው ዙሪያውን መሽከርከር ይጀምርና ከሥሩ ጠምዛዛውን አውሎ፣ ቶርኔዶውን፣ ወደ መሬት ይሰድዳል። ዛሬ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደግሞ በዚያች ከተማ የእግር ኳስ ፍጻሜ ይጀመራል። ስድስት ሺህ ሰው፣ የጣውላ መቀመጫ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ በር።

ሌላ ለኪ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ የሞቱ ሰሞን አባቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብልቃጡን መሙላት ረሱ። መደወሉን ግን አልረሱም። የሚሰጡት የተሳሳተ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሰማዩን የሚያሰላበት ሞዴል ውስጥ ገብቶ በሌለ እርጥበት የሌለ ነጎድጓድ ፈጠረ፣ መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ዋለች። አገር መሥሪያ ቤቱ ላይ ሳቀ። ተንባይዋ የስህተቱን ምንጭ ስትከተል ሄዳ ሄዳ የአባቷ ሣጥን ላይ አረፈች። "የአባትሽ ጣቢያ" ተብሎ ከመተረቡ በፊት በገዛ እጇ ጣቢያውን ከተዘጉት ዝርዝር ውስጥ ከተተችው። አባቷን "ብልቃጡን ሙላ" አለቻቸው፤ አፈሩ፣ ሞሉ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልረሱም። ጣቢያው ግን አልተከፈተም። ጣቢያ መዝጊያ ቅጽ አለ፤ የመክፈቻ ቀን የሚያስታውስ ቅጽ የለም። አባቷ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላሉ፣ እሷ "ጽፌዋለሁ" ትላለች፣ ቁጥሩ ስልኩ ላይ ይቀራል። ውሾን ያነሳ ውሾ ብላ ትታው ነበር።

ስልኩን መልሳ አነሳች።

"አባዬ፣ አትቆጣኝ። ጨርቁ ላይ ንጹሕ ውኃ አፍስስበትና ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና አንብብልኝ።"

"ተማሪዬ እንኳ እንዲህ አልደፈረኝም።"

"ተማሪህ ነኝ። ለኔ ስትል።"

ሩብ ሰዓቱን ጥፍሯን እየበላች ጠበቀች። ጨርቁ ደርቆ ከነበረ፣ ውኃው ሲነካው ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ እሷም ተንፍሳ ሻይዋን ትጠጣለች። እውነት ለመናገር እንዲወርድ ጸለየች። በሰማይ ቁጣና በአባት ዝንጉነት መካከል ምረጪ ቢሏት ዝንጉነቱ ይሻላል።

ስልኩ ጮኸ።

"ሃያ ስድስት ነጥብ ሁለት" አሉ አባቷ። "እንዲያውም ጨምሯል። አሁን ጎሽ በይኝ።"

"ጎሽ አባዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይም አንብብልኝ፤ አሥር ሰዓት ላይም።"

"በየሰዓቱ? እንዴት ነው፣ ዛሬ ተፈላጊ ሆንኩ!" ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። ያ ደስታ እንደ እሾህ ወጋት።

ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ባልደረባዋ ቀኑን ሙሉ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሲዞር ስለሚውል ኩሽኔታ ይሉታል። ወንበሩን አሽከርክሮ ወደሷ ዞረ።

"ፊትሽ ምነው?"

"ጣቢያ አሥራ ሰባትን ክፈትልኝ።"

"የአባትሽን? ስንት አነበቡ?"

"ሃያ ስድስት ነጥብ ሁለት።"

"ጨርቁ ደርቆ ነዋ!"

"አልደረቀም። አስፈትሼያቸዋለሁ።"

"ያኔም አልደረቀም ብለው ነበር እኮ" አለ ኩሽኔታ፤ ክፋት የለውም፣ አፉ ነው። ቢሆንም ጣቢያውን ከፍቶ ቁጥሩን አስገባ። ስክሪኑ ላይ ወዲያው ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ ከግምት የራቀ፣ ውድቅ።

"ይኸው" አለ። "ማሽኑም እንደኔ ነው። አላመናቸውም።"

ሞዴሉ አንድን ቁጥር ከመዋጡ በፊት ራሱ ከገመተው ጋር ያስተያየዋል፤ በጣም ከራቀው ይተፋዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደግ ያደርጋል፤ በየቀኑ የማይሆን ቁጥር የሚልክ ስንት የተበላሸ መሣሪያ አለ! ነገር ግን ሰማይ ያልተገመተ ነገር በሚያመጣበት ቀን መጀመሪያ ያየው ሰው መጀመሪያ ይወድቃል።

"ወሰኑን አስፋውና አስገባው" አለች።

"በማን ፊርማ?"

"በኔ።"

"ምን ገባ? ምን ወጣ?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ኃላፊያቸው ነበሩ። ሠራተኛው በሌሉበት "ለጥንቃቄ" ይላቸዋል፤ ሻይ ሲያዝዙ እንኳ "ለጥንቃቄ ያህል ስኳሩን ለብቻ" የሚሉ ሰው ናቸው። ተንባይዋ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው፤ የአባቷን ስምንት ሰዓት፣ ሩብ ሰዓቱን፣ ቀዩን ጽሑፍ፣ ኳሱን። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"የጠዋቱ ሞዴል ምን ነበር ያለው?"

"ሃያ ጊዜ ሠርቶት አንዱ ላይ ብቻ የሚሽከረከር ደመና ታይቷል።"

"አንዱ ከሃያ። ባለፈው ወር ስንት ነበር?"

"ስምንት።"

"በስምንቱ አስጠነቀቅን፣ ምንም አልመጣም፣ ከንቲባው ስልኬን ሲያቃጥለው ሰነበተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳንባልስ?"

ኃላፊው መነጽሩን መለሱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸው ግን በልጡና በእባቡ መካከል ቆመው የሚያጣሩ ናቸው። "በአባትሽ ቁጥር እንደገና ይሠራ። ውጤቱን ሳላይ ግን አንድ ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።"

"ሃያውን ካሠራን አሥር ሰዓት ይሆናል" አለ ኩሽኔታ። "አሥር ጊዜ ብቻ ላሠራ? ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት አልፎ ይደርሳል።"

"አሥር ይሁን" አለች ተንባይዋ።

ሞዴሉ ሰማዩን በየጎኑ ሦስት ኪሎ ሜትር በሆነ ሣጥን ይሸነሽነዋል፤ በያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን ይዞ በየጥቂት ሰኮንዱ ወደፊት ይቆጥራል። የሰማይን መነሻ ልክ አሳምሮ የሚያውቅ ስለሌለ፣ መነሻውን በትንሽ በትንሹ እያዛቡ ደጋግመው ያሠሩታል፤ ብዙዎቹ አንድ ነገር ካሉ ይታመናል። ቶርኔዶውን ራሱን አያሳይም። ቶርኔዶ ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ በሦስት ኪሎ ሜትር ወንፊት ሾልኮ ያልፋል። የሚያሳየው እናቱን ነው፣ የሚሽከረከረውን ደመና።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቷ ደወሉ።

"ሠላሳ አንድ ከግማሽ። እርጥቡ ሃያ ስድስት ከግማሽ። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በርትቷል። ጎረቤቴ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ያሰጣችውን ልብስ ጣለባት። ከሜዳው ሙዚቃ ይሰማኛል፣ ሕዝቡ እየገባ ነው።"

"አባዬ፣ የዳቦ ቤቱ ምድር ቤት ክፍት ነው?"

"ዱቄት ያስቀምጡበታል። ምነው?"

"ዝም ብዬ ነው። ከስልኩ አትራቅ።"

የመጀመሪያው ካርታ ዘጠኝ ሰዓት ከስምንት ላይ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ባዶ። ሁለተኛውም ባዶ። ኩሽኔታ በአፍንጫው ተነፈሰ። ሦስተኛው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተሳለች ቀጭን ቀይ መስመር፣ የሚሽከረከረው ደመና መንገድ፣ ታየች፤ አራተኛው ላይ ወፍራም። ኩሽኔታ ወንበሩን ማዞር አቆመ። አምስተኛው ባዶ። ስድስተኛው ቀይ፣ ሰባተኛው ቀይ፣ ስምንተኛው ቀይ ሆኖ በአባቷ ከተማ ላይ እንደ ቢላ አለፈ። ዘጠነኛው ባዶ። አሥረኛው እንደ ስምንተኛው።

"ስድስት" አለ ኩሽኔታ በሹክሹክታ። "ሁለቱ በቀጥታ ከተማዋ ላይ፣ ሌሎቹም በአቅራቢያዋ። ከአሥር ከሩብ እስከ አሥር ከአርባ።"

ኃላፊው ወደ ራዳሩ ስክሪን ጎንበስ አሉ። "እዚህ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ሰማዩ ንጹሕ ነው። 'ነቅታችሁ ጠብቁ' የሚል እናውጣ፣ ራዳሩ ሲያሳይ ማስጠንቀቂያ እናደርገዋለን።"

"ራዳሩ ሲያሳይ የሚቀረን ሃያ ደቂቃ ነው። ስድስት ሺህ ሰው በአንድ በር በሃያ ደቂቃ አይወጣም። 'ነቅታችሁ ጠብቁ' ቢሉት ኳስ ሊያይ የመጣ ሰው ነቅቶ የሚጠብቀው ጎሉን ነው።"

"ያ ቁጥር ስህተት ቢሆንስ? የተዘጋ ጣቢያ ነው። ወሰን አስፍተሽ በግድ ያስገባሽው ነው። የአባትሽ ነው። ሦስቱንም ይጽፉብሻል።"

"ይጻፉብኝ።"

የማስጠንቀቂያውን ቅጽ ሞላች፣ ፈረመች። ኃላፊው ወረቀቱን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

"ለጥንቃቄ ያህል እኔም ልፈርም" አሉ።

የጨዋታው አዘጋጅ ስልኩን ያነሳው ኳሱ ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ከጀርባው ጥሩምባ፣ ጭብጨባ፣ የማጉያው ጩኸት ይሰማል።

"እመቤቴ፣ ምን ማስጠንቀቂያ ነው የሚሉኝ? እኔ ከዚህ ሆኜ አንድ ደመና አይታየኝም!"

"አሁን አይታይዎትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይታይዎታል።"

"ባለፈው ወርም እንዲሁ ብላችሁ ነበር።"

"ብለን ነበር። ተሳስተንም ነበር።"

ሰውዬው እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም መሰል ድምፁ ወረድ አለ። "እርግጠኛ ነዎት?"

ተንባይዋ አዎ ብትል ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። "አይደለሁም። ከአሥር ስድስት ነው።"

"አራቱስ?"

"አራቱ ከሆነ ነገ ስድቡን እኔ እጠጣለሁ። ስድስቱ ከሆነ ተሳዳቢም አይተርፍም። አባቴ ከሜዳው አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ነው የሚኖረው። ለሱ የምነግረውን ነው የምነግርዎት።"

አዘጋጁ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው "ጣራው ቆርቆሮ ነው" አለ፤ ቀጥሎም ማጉያ እንዲያቀብሉት ጮኸ። የገበያው አዳራሽ ኮንክሪት ስለሆነ ሕዝቡን ወደዚያ እንደሚያስገባ ነገራትና ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ። ስድስት ሺህ ሰው በአንድ አፍ ሲጮህባት ሰማች። እሷን አያውቋትም፤ ስድቡ ግን በትክክል አድራሻዋ ደረሰ።

አሥር ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ራዳሩ ላይ ከከተማዋ በስተምዕራብ አንዲት ነጥብ ታየች። በአምስት ደቂቃ እንደ ሊጥ ኩፍ አለች።

"መጣ" አለ ኩሽኔታ። "አምላኬ፣ መጣ። ስሚኝ፣ የአሥር ሰዓቱን የአባትሽን ንባብ ካገኘን ሞዴሉን አምስት ጊዜ ብቻ ላሠራው እችላለሁ። ሰሜን ይሄድ እንደሆነ፣ ወይ ከተማዋ ላይ ይመጣ እንደሆነ ይለይልናል።"

ኃላፊውም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰሜኑ ላይ ሁለት መንደር አለ። በግምት ማስጨነቅ የለብንም። ያንብቡ።"

ተንባይዋ ደወለች። አባቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ።

"አሥር አልሞላም" አሉ። "ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል። ምዕራቡ ጠቁሯል፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። ሣጥኗ አጠገብ ነው የቆምኩት።"

"አባዬ፣ አሁኑኑ ወደ ዳቦ ቤቱ ምድር ቤት ውረድ።"

"አንብቤ እወርዳለሁ።"

"አሁን!"

"አንቺ ራስሽ አይደለሽ በየሰዓቱ አንብብ ያልሽኝ? አሥራ አንድ ዓመት አንድ ንባብ አምልጦኝ አያውቅም። እናትሽን ቀብሬ ስመለስ እንኳ አንብቤያለሁ። ሰው እየጠበቀኝ እኔ ጉድጓድ አልገባም።"

ከጀርባዋ ሁለት ሰዎች ቁጥሩን ይጠብቃሉ። ስክሪኑ ላይ ነጥቧ ጫፏን ማጠፍ ጀምራለች። ስድስት ደቂቃ ቆመው ያነባሉ፣ መደወያ አንድ ደቂቃ፣ በዚያ ጉልበታቸው የዳቦ ቤቱን ደረጃ ለመውረድ ሌላ አምስት። አባቷን ታውቃቸዋለች፤ በልመናም በቁጣም አይነቃነቁም። ከሣጥኗ የሚነቅላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ነገር ደግሞ ሁለት ዓመት በጉያዋ ሸሽጋው ኖራለች።

"የሚጠብቅህ ሰው የለም" አለች።

"ምን?"

"ጣቢያህ ተዘግቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ዘግቼዋለሁ፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ጨርቁ የደረቀ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ የነገርከኝ ቁጥር አንዱም አልገባም። ከዛሬው በቀር ማንም አላየውም። አባዬ፣ ለማንም ብለህ እዚያ አትቁም፤ ውረድ።"

ኩሽኔታ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ኃላፊው ወደ መስኮቱ ዞሩ። በስልኩ ውስጥ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የሣጥኗ በር ሲዘጋ፣ ቀጥሎም የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። ስልኩ ተዘጋ።

አሥር ሰዓት ሆነ። ከጣቢያ አሥራ ሰባት ምንም አልመጣም።

"ሁለቱንም መንደር፣ ከተማዋንም፣ ሁሉንም አስጠንቅቅ" አለች ተንባይዋ። ኩሽኔታ ቁልፎቹን መታ።

አሥር ከሃያ ላይ የነጥቧ ጫፍ መንጠቆ ሆነ፤ ቶርኔዶው ያለበት እዚያ ነው። አሥር ከሠላሳ አንድ ላይ መንጠቆው የከተማዋን ስም ሸፈነው። ደወለች፤ መስመሩ የለም። እንደገና ደወለች። ዘጠኝ ጊዜ ደወለች። ኃላፊው አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጥተው አጠገቧ አስቀመጡላት። እሷ በልቧ አንድ ነገር ብቻ ታሰላ ነበር፦ የግቢው በር፣ ሃያ እርምጃ፣ የዳቦ ቤቱ በር፣ አሥራ አራት ደረጃ። ከግቢው ወጥተው ወዴት እንደዞሩ አታውቅም። የተናደደ ሽማግሌ ወዴትም ሊሄድ ይችላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለ።

"የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ስልክ ነው" አሉ አባቷ።

እንባዋ ሳታስበው ወረደ። "ደህና ነህ? አልተጎዳህም?"

"ዱቄት ለብሻለሁ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። የቤቱ ጣራ የለም። የሜዳው ጣራ ወፍጮ ቤቱ ላይ ተኝቷል፤ መቀመጫው እንዳለ የለም። ሦስት ሰው ቆስሏል። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ደህና ነው። እስካሁን የሞተ አልሰማንም።"

ተንባይዋ በእጇ አፏን ያዘች። ለኩሽኔታና ለኃላፊው በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠቻቸው። ኩሽኔታ ወንበሩን አንድ ሙሉ ዙር አዞረው።

"ሣጥኗ ወድቃለች" ቀጠሉ አባቷ። "እርጥቡ ተሰብሯል። ደረቁ ይሠራል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለት ዓመት 'ጽፌዋለሁ' ስትዪኝ የት ነበር የምትጽፊው?"

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ልትላቸው ትችል ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ጣራው ተነቅሏል፣ ትንሽ ውሸት አንጀት ያርሳል። የእስከ ዛሬውም የተጀመረው እንደዚሁ ነበር።

"የትም" አለች።

"የትም።"

"የትም አልጻፍኩትም። ደስ እያለህ ትደውላለህ፣ ልነግርህ አልቻልኩም።"

"እናትሽ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ያ ቁጥር ነበር።"

"አውቃለሁ። ይቅር በለኝ አባዬ።"

"ዛሬ ያ ቁጥር ሰው አተረፈ ይሉኛል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ያለው ግን ሰባት መቶ ቀን ነው፤ በቀን ሦስት። አባዢው።" ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመ ነበር፣ ያ ደግሞ ባሰባት። "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረቁን አነባለሁ። እደውላለሁ፤ የሚጽፍ ሰው ካለ።"

ስልኩን ዘጉት።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ የማታው ተረኛ መጣ። ጉዳቱን ሊያዩ የሚሄዱት ሰዎች መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ከሕንጻው ሥር ቆሞ ነበር፤ ኃላፊው አንድ ቦታ አስለቅቀውላታል።

"ሂጂ ልጄ" አሉ ጃኬቷን ከማንጠልጠያው እያወረዱ። "በሁለት ሰዓት ውስጥ ትደርሻለሽ። አባትሽን አቅፈሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። አባት ነው፣ ይቅር ይላል።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል።"

"ተረኛው ያነሳላቸዋል። ይጽፈዋልም፣ እኔ ራሴ እቆጣጠራለሁ።"

ተንባይዋ ጃኬቷን ከእጃቸው ተቀበለች። በመስኮቱ ቁልቁል አየች፤ ሾፌሩ የኋላውን በር ከፍቶ ሰዓቱን ያያል። መሄድ ፈልጋለች፤ አባቷን በዓይኗ ካላየች የምትተነፍስ አልመሰላትም።

መስኮቱን ከፍታ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ነገ እመጣለሁ" አለችው። ከዚያ ጃኬቷን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ የጣቢያ አሥራ ሰባትን ገጽ ገለጠች፣ ቀኑን ጻፈችና ከስልኩ ፊት ተቀመጠች።